የበዛ ቃል ይጣላልን? ማውጫዎችና መፈለጊያዎች ተደጋጋሚ ቃላትን ስለሚይዙበት መንገድ

መግቢያ



አንድ ደረሳ ነሕው ሊቀራ ከሸይኹ ፊት ሲቀመጥ በቅድሚያ በቃሉ ከሚይዛቸው ነገሮች አንዱ የጀርር ሐርፎች ዝርዝር ነው፦ ሚን፣ ኢላ፣ ዐን፣ ዐላ፣ ፊ፣ ሩብበ፣ ባእ፣ ካፍ፣ ላም። የአል-ኣጁሩሚያህ ኪታብ ገና ከመግቢያው እነዚህን ይዘረዝራል፤ ስም ከሐርፍና ከግሥ የሚለየው በእነርሱ ነውና። ይኸው ደረሳ ዓመታት አልፈው ኡስታዝ ወይም ኢማም ሲሆን፣ አንድን አንቀጽ ወይም ሐዲስ በታተመ ማውጫ አልያም በስልኩ ይፈልጋል። ያን ጊዜ የሚገለገልበት መሣሪያ አስቀድሞ የሚጥላቸው ቃላት እነዚያው በመጀመሪያ የተማራቸው ናቸው።

ይህ አጋጣሚ አይደለም። ማውጫ የሚያዘጋጅ ሰውም ሆነ መፈለጊያ ፕሮግራም የሚሠራ ባለሙያ «በሁሉም ቦታ የሚገኝ ቃል የትኛውንም ቦታ አይጠቁምም» ከሚል አንድ መነሻ ይነሣሉ። መነሻው በራሱ ትክክል ነው። ነገር ግን ቦታን መጠቆም አንድ ሥራ፣ ትርጉምን መወሰን ሌላ ሥራ ነው። ቦታ የማይጠቁመው ትንሽ ቃል ብዙ ጊዜ ሑክም የሚወስን ቃል ሆኖ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በእጃችን ያሉት መሣሪያዎች ተደጋጋሚ ቃላትን እንዴት እንደያዙ መመርመር፣ ቀደምት ዑለማኦቻችን የበዛን ነገር ከያዙበት መንገድ ጋር ማነጻጸር፣ ከዚያም ለአስተማሪና ለኢማም የሚጠቅም መደምደሚያ ላይ መድረስ ነው።

1. የታተሙ ማውጫዎች ምርጫ

ግብጻዊው ሊቅ ሙሐመድ ፉኣድ ዐብዱልባቂ (እ.ኤ.አ. 1882–1968) ያዘጋጁት «አል-ሙዕጀሙል ሙፈህረስ ሊአልፋዚል ቁርኣኒል ከሪም» በ1364 ዓ.ሂ. (እ.ኤ.አ. 1945) በካይሮ ታትሞ ወጣ። ሊቁ እ.ኤ.አ. በ1842 በላይፕሲግ የታተመውን የጉስታቭ ፍሉገልን ማውጫ መሠረት አድርገው ሥራውን እንደገና አርመውና አደራጅተው አቅርበውታል። እያንዳንዱ ቃል በሥሩ ሥር ይቀመጣል፤ የተገኘበት የአንቀጹ ቁራጭ፣ የሱራው ስምና የአንቀጹ ቁጥርም ይከተላል። ይህን መጽሐፍ ያልተጠቀመ የዘመናችን ተመራማሪ ማግኘት ይከብዳል።

ይሁን እንጂ በዚህ ሙዕጀም ውስጥ «ሚን» ወይም «ፊ» የሚለውን ቃል ልናወጣ ብንከፍተው አናገኘውም። ሐርፎችና ተውላጠ ስሞች ከመዝገቡ ውጭ ተደርገዋል። ምክንያቱን ለመረዳት ቀላል ስሌት ይበቃል። «ሚን» በቁርኣን ውስጥ ከ3,000 ጊዜ በላይ ይመጣል። በአንድ ገጽ 50 መስመር ብናሰፍር ለዚህች አንዲት ሐርፍ ብቻ 60 ገጽ ያስፈልጋል። «ፊ» ደግሞ ከ1,600 ጊዜ በላይ ስለምትመጣ ሌላ ከ30 ገጽ የሚበልጥ ትወስዳለች። ላም፣ ባእ፣ ዋውና ፋእ ሲጨመሩ ማውጫው ከመጽሐፍነት አልፎ ቅጾችን ይሞላል። ደግሞም አንድ አንቀጽ ጠፍቶበት የሚፈልግ ሰው ስልሳውን ገጽ የ«ሚን» ዝርዝር አገላብጦ አያገኘውም። ስለዚህ ሊቁ የመጽሐፉን ዓላማ ጠብቀው የወሰኑት ውሳኔ ነው፤ አይነቀፉበትም።

በሐዲስ ዘርፍም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በኔዘርላንዳዊው ምሁር ቬንሲንክ ተጀምሮ በብዙ ምሁራን ትብብር እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1969 በላይደን በሰባት ቅጽ የታተመው የሐዲስ ቃላት ሙዕጀም ስድስቱን ኪታቦች፣ የማሊክን ሙወጠእ፣ የአሕመድን ሙስነድና የዳሪሚን ሱነን ያካትታል። ሐርፎችን ግን አይመዘግብም፤ እንደ «ቃለ» እና «ጃአ» ያሉ እጅግ ተደጋጋሚ ግሦችንም ይዘላል። ሸይኽ ማሕሙድ አጥ-ጦሓን ስለ ተኽሪጅ ዘዴዎች በጻፉት የታወቀ ኪታብ፣ በዚህ ሙዕጀም የሚጠቀም ሰው ከሐዲሱ ውስጥ በሰዎች አንደበት ብዙ የማይመላለስ ቃል መርጦ በእርሱ እንዲፈልግ ያስተምራሉ። ምክሩ ትክክለኛና ተግባራዊ ነው። የሚያስከትለው ልማድ ግን ልብ ሊባል ይገባል፤ ሰው ዓይኑ ብርቅ ከሆነው ቃል ላይ እንዲያርፍ፣ የተለመደውንም እንዲያልፈው ይለመዳል። ለተኽሪጅ የሚጠቅመው ይህ ልማድ ለፊቅህ ሲሆን ይጎዳል።

የጎደለውን የተገነዘቡ ምሁራን አልጠፉም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ዒስማዒል አሕመድ ዐማይረህና ዐብዱልሐሚድ ሙስጦፋ አስ-ሰይዪድ የቁርኣንን ሐርፎችና ተውላጠ ስሞች ብቻ የሚመዘግብ ሙዕጀም አዘጋጅተው አሳትመዋል። ሥራቸውንም የዐብዱልባቂ ሙዕጀም ማሟያ ብለው ሰይመውታል። ስያሜው ራሱ ይናገራል፤ ማሟያ የሚያሻው የጎደለ ነገር ነውና። የመጀመሪያውን መጽሐፍ በእጁ ይዞ ሁለተኛው መኖሩን የማያውቅ ተመራማሪ፣ ግማሽ መሣሪያ ይዞ ሙሉ የያዘ ይመስለዋል።

2. መፈለጊያ ፕሮግራሞች የወረሱት ሐሳብ

የወረቀት ጥበት በኮምፒውተር ዘመን ያበቃል ተብሎ ይታሰብ ይሆናል። ሆኖም ሐሳቡ በሌላ መልክ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1958 የአይ ቢ ኤም ባልደረባ የነበረው ሐንስ ፒተር ሉን ጽሑፎችን በኮምፒውተር ስለማሳጠር ባቀረበው ጥናት፣ እጅግ ተደጋጋሚ ቃላት ስለ ጽሑፉ ጉዳይ ጥቂት ስለሚናገሩ ከስሌት ይውጡ የሚል አሠራር አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ እንግሊዛዊቷ ተመራማሪ ካረን ስፓርክ ጆንስ ቃላቱን ከመጣል ይልቅ በክብደት መለየትን አቀረበች፤ አንድ ቃል የሚገኝባቸው ጽሑፎች በበዙ መጠን ክብደቱ ይቀንሳል፣ በሁሉም ውስጥ ከተገኘም ክብደቱ ዜሮ ይሆናል።

ይህን በቅርብ ምሳሌ እንየው። 114ቱን ሱራዎች እንደ 114 የተለያዩ ጽሑፎች ብንቆጥርና በየሱራው መግቢያ ያለውን በስመላ ብናካትት፣ «አር-ረሕማን» የሚለው የአላህ ስም በ113ቱ ውስጥ ይገኛል። በዚህ ስሌት ክብደቱ ወደ ዜሮ የተጠጋ ይሆናል። ማሽኑ ስህተት አልሠራም፤ «ይህ ቃል ሱራን ከሱራ ይለያልን?» ተብሎ ለተጠየቀው ጥያቄ «አይለይም» ብሎ በትክክል መልሷል። ስህተቱ የሚመጣው እኛ መልሱን «ይህ ቃል ይመዝናልን?» ለሚል ሌላ ጥያቄ መልስ አድርገን ስንወስደው ነው።

በብዙ የመፈለጊያ ሥራዎች ሥር የሚገኝ ሉሲን የተባለ በነጻ የሚሠራጭ ፕሮግራም አለ። ለዐረብኛ ጽሑፍ ከሚያቀርበው ክፍል ጋር የሚታለፉ ቃላት ዝርዝር አብሮ ይመጣል። ሚን፣ ፊ፣ ዐን፣ ዐላና ኢላ በዝርዝሩ ውስጥ አሉ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ «ላ»፣ «ኢልላ»፣ «ለም» እና «ለን» የሚሉት የአሉታና የማግለል ቃላትም አሉበት። «ኩል» እና «በዕድ»፣ ማለትም «ሁሉ» እና «ከፊል»፣ እንዲሁም «ሐታ»፣ «ገይር» እና «ጀሚዕ» አሉበት። ፕሮግራሙን የሚተክለው ባለሙያ ዝርዝሩን ካልቀየረው እነዚህ ሁሉ ከማውጫው ውጭ ይቀራሉ።

ኡሱሉል ፊቅህ ያስተማረ ሰው ይህን ዝርዝር ሲያነብ ይደነግጣል። «ኩል» እና «ጀሚዕ» የዑሙም ቃላት ናቸው፤ አንድ ሑክም ሁሉን ያካትታል ወይስ አያካትትም የሚለው ክርክር የሚያርፈው በእነርሱ ላይ ነው። «ኢልላ» የኢስቲስናእ መሣሪያ ናት። የተውሒድን ቃል ራሷን በዚህ ወንፊት ብናሳልፋት «ላ» እና «ኢልላ» ይወድቁና «ኢላህ» እና «አላህ» የሚሉት ሁለት ስሞች ብቻ ይቀራሉ። የሚያፈርሰውና የሚያጸናው ክፍል፣ ዑለማኦች ነፍይና ኢስባት የሚሉት፣ ከማሽኑ ፊት ጠፍቷል። ማንም ይህን አስቦ አላደረገውም፤ ዝርዝሩ የተዘጋጀው ለማንኛውም የዐረብኛ ጽሑፍ ነውና። ለጋዜጣ የተሠራ ወንፊት ለወሕይ ጽሑፍ ሲውል ግን የሚያሳልፈውና የሚያስቀረው ይለያያል።

ሌላ የተሰወረ ችግርም አለ። እነዚህ ፕሮግራሞች ሐረካዎችን ያነሣሉ፤ በአሊፍ ላይ ያሉትን የሐምዛ ልዩነቶችም አንድ ያደርጋሉ። ስለዚህ «ከ» የሚል ትርጉም ያላት «ሚን» እና «ማንም ሰው» የሚል ትርጉም ያላት «መን» በፊደል አንድ ይሆናሉ። «ሚን» ስትጣል «መን» አብራት ትጣላለች። «መን» ደግሞ የሸርጥና የዑሙም ቃል ናት፤ ብዙ ነብያዊ ሐዲሶች የሚጀምሩት በእርሷ ነው። «ኢን»፣ «ኢንነ»፣ «አን» እና «አንነ» የሚሉትም እንዲሁ አንድ መልክ ይይዛሉ፤ አንዷ የሸርጥ፣ ሌላዋ የማጽኛ መሆናቸው አይታይም።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል የዘርፉ ባለሙያዎች ራሳቸው ይህን አስተውለዋል። እንደ መማሪያ መጻሕፍታቸው አገላለጽ የሚታለፉ ቃላት ዝርዝር መጀመሪያ ከ200 እስከ 300 ቃላት ይይዝ ነበር፤ ከዚያ ወደ 7 እና 12 ዝቅ አለ፤ ታላላቆቹ መፈለጊያዎችም ውሎ አድሮ ምንም አለመጣልን መረጡ። ከላይ የጠቀስነው ፕሮግራም በጠቅላላ አገልግሎት ክፍሉ ላይ 33 ቃላት የነበሩትን የእንግሊዝኛ ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ2019 ከነባሪ አሠራሩ አውጥቶታል። መፍትሔውም ታውቋል፤ እያንዳንዱን ቃል ከነተራው መመዝገብ ነው። ማውጫው «ይህ ቃል በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አለ» ከማለት አልፎ «ስንተኛ ቃል ነው» የሚለውን ከያዘ፣ በትእምርተ ጥቅስ የተከበበ ሐረግ ከነትናንሽ ቃላቱ በትክክል ይገኛል። ጥያቄው እንግዲህ «ይቻላልን?» የሚል አይደለም። እኛ የምንጠቀምበት መሣሪያ ይህን አድርጓልን? ካላደረገስ ነግሮናልን? የሚል ነው።

3. ሑክም የተንጠለጠለባቸው ሐርፎች

ጉዳዩ የቋንቋ ሊቃውንት ጭንቀት ብቻ እንዳይመስል አስተማሪው በየዓመቱ ከሚያስተምራቸው ምዕራፎች ጥቂት እንጥቀስ።

አንደኛው ዉዱእ ነው። በሱረቱል ማኢዳህ አንቀጽ 6 ራስን ስለማበስ በተነገረው ትእዛዝ «ራሶች» በሚለው ቃል ላይ «ባእ» ተቀጥላለች። ይህች ሐርፍ ለማያያዝ ናት፣ ለከፊልነት ናት ወይስ ለማጽናት ብቻ የመጣች ናት? ኢማሙ ማሊክ ሙሉውን ራስ ማበስ ግዴታ ነው ሲሉ፣ ኢማሙ ሻፊዒይ ከራስ ጥቂቱም ይበቃል ይላሉ፤ በሐነፊዮች ዘንድ የታወቀው ሩብ ነው። ልዩነቱ በሐርፏ ብቻ የተቋጨ አይደለም፤ ሐዲሶችም አሉበት። ነገር ግን ሐርፏን የጣለ ሰው ክርክሩ ከየት እንደተነሣ አያይም።

ሁለተኛው በዚያው አንቀጽ ውስጥ ያለችው «ኢላ» ናት። እጆች «እስከ» ክርኖች ይታጠባሉ። ክርኑ ራሱ ይገባልን? ብዙኃኑ ይገባል ሲሉ ከሐነፊዮች ዙፈር አይገባም ብለዋል። በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 187 ደግሞ ጾም «እስከ» ሌሊት እንዲሞላ በዚችው «ኢላ» ታዟል፤ ሌሊቱ ከጾሙ እንደማይገባ ስምምነት አለ። የመብላትና የመጠጣት ፍቃድ ጎህ እስኪለይ የተዘረጋው በዚያው አንቀጽ በ«ሐታ» ነው። አንድ ተመራማሪ «ኢላ» ወሰኑን የምታስገባው መቼ ነው፣ የምታስወጣውስ መቼ ነው ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱን የሚያገኘው የ«ኢላ»ን ቦታዎች ሰብስቦ በማነጻጸር ነው። ማውጫው የጣለበት በትክክል ይህንን ሥራ ነው።

ሦስተኛው ዘካህ ነው። በሱረቱት ተውባህ አንቀጽ 60 ስምንቱ የዘካህ ተቀባዮች ሲዘረዘሩ የመጀመሪያዎቹ አራቱ፣ ድሆች፣ ምስኪኖች፣ በዘካህ ላይ የሚሠሩና ልቦቻቸው የሚለማመዱት፣ በ«ላም» ሥር መጡ። ከዚያ አነጋገሩ ወደ «ፊ» ተሻገረ፤ ባሪያዎችን ነጻ ማውጣት፣ ባለዕዳዎች፣ የአላህ መንገድና መንገደኛ በእርሷ ሥር ሆኑ። ዘመኽሸሪ ሽግግሩ የኋለኞቹ አራቱ ይበልጥ የተገቡ መሆናቸውን እንደሚያመለክት ጽፈዋል። ሌሎች ደግሞ በ«ላም» የተጠቀሱት ገንዘቡን በእጃቸው ይቀበላሉ፣ በ«ፊ» የተጠቀሱት ግን ገንዘቡ በጉዳያቸው ላይ ይውላል ብለው አስተዋሉ። ከዚህም አንዳንድ ፉቀሃኦች ለባለዕዳው ሳይሰጥ ዕዳው በቀጥታ ለአበዳሪው ቢከፈልለት ይበቃል የሚለውን ደግፈዋል። ኢማሙ ሻፊዒይ «ላም»ን የባለቤትነት አድርገው ዘካህ ለተገኙት ክፍሎች ሁሉ ይዳረስ ሲሉ፣ ብዙኃኑ የተገቢነት መግለጫ አድርገው ለአንዱ ክፍል ብቻ መስጠትንም ፈቅደዋል። የመስጂድ ዘካህ ኮሚቴ በየረመዷኑ የሚገጥመው ጥያቄ ይኸው ነው፤ መነሻውም ማሽኑ ክብደት የነሣት ሐርፍ ናት።

አራተኛው በሱረቱል ማዑን አንቀጽ 5 ያለችው «ዐን» ናት። ዛቻው የመጣው «ከ» ሰላታቸው በተዘናጉት ላይ ነው፤ «በ» ሰላታቸው ውስጥ በተዘናጉት ላይ አልተባለም። ከሰለፎች «ፊ» ሳይሆን «ዐን» በመባሉ አላህን ያመሰገኑ ነበሩ፤ በሰላት ውስጥ ሐሳቡ ያልሸሸ ማን አለ? ኹጥባ የሚያደርግ ኢማም ሁለቱን ካልለየ የአላህን እዝነት አጥብቦ ሕዝብን ያስጨንቃል።

አምስተኛው ለሓፊዞች የታወቀ ነው። በሱረቱዝ ዙመር አንቀጽ 71 የጀሀነም በሮች ሲከፈቱ ግሡ ያለ «ዋው» መጣ፤ በአንቀጽ 73 የጀነት በሮች ሲከፈቱ ከ«ዋው» ጋር መጣ። ሙፈሲሮች በዚህች አንዲት ፊደል ላይ ብዙ ጽፈዋል። መፈለጊያው ግን ሁለቱን አንድ አድርጎ ያቀርባል። ሒፍዝ የሚያስተምር ሰው እንደሚያውቀው ሓፊዝን የሚፈትኑት ብርቅ ቃላት አይደሉም፤ በ«ዋው» እና በ«ፋእ»፣ በ«ሚን» መኖርና አለመኖር የሚለያዩ ተመሳሳይ አንቀጾች ናቸው።

4. ቀደምቶች የበዛን ነገር እንዴት ያዙት?

ታዲያ የበዛ ነገር ለማውጫ የማይመች ከሆነ ምን ይደረግ? ቀደምት ዑለማኦቻችን ይኸው ችግር ገጥሟቸዋል፤ መልሳቸው መጣል አልነበረም፣ መከፋፈል ነበር።

ሓፊዝ አል-ሚዝዚ (በ742 ዓ.ሂ. የሞቱ) «ቱሕፈቱል አሽራፍ» የተባለውን የሐዲስ ጠርዞች ማውጫ በሶሓቦች ስም አደራጁት። ጥቂት ያወሩ ሶሓቦች ላይ ችግር የለም። አቡ ሁረይራህ (ረ.ዐ.) ጋር ሲደርሱ ግን ሐዲሱ ባሕር ሆነ፤ ስማቸው በማውጫው ውስጥ እንደ «ሚን» የበዛ ነው ማለት ይቻላል። አል-ሚዝዚ ከአቡ ሁረይራህ የወሰዱትን ታቢዒዮች በፊደል ተራ ደረደሩ፤ ከእነርሱም አንዱ ብዙ ያወራ ከሆነ ከእርሱ የወሰዱትን እንደገና ከፋፈሉ። በዚህ መንገድ እጅግ የበዛው ስም ራሱ ጥሩ አመልካች ሆነ።

ኢማሙ ሱዩጢ (በ911 ዓ.ሂ. የሞቱ) «አል-ጃሚዑስ ሶጊር»ን በሐዲሶቹ መነሻ ቃል በፊደል ተራ ሲያዘጋጁ በ«መን» የሚጀምሩት ሐዲሶች ረጅም ክፍል ያዙ። «መን»ን አልዘለሏትም፤ የሚከተላትን ቃል ተራ አስያዙ። ዛሬ ባለሙያዎች ቃልን ከነጎረቤቱ መመዝገብ የሚሉት አሠራር መንፈሱ ከዚህ የራቀ አይደለም።

በትርጉም ረገድ ደግሞ ኢብኑ ሂሻም (በ761 ዓ.ሂ. የሞቱ) የ«ሙግኒል ለቢብ»ን የመጀመሪያ ባብ ለእነዚህ ሐርፎችና መሰሎቻቸው ሰጡ፤ እያንዳንዷን ሐርፍ ወደ ትርጉሞቿ ከፋፈሉ። ሱዩጢም በ«ኢትቃን» ካሉት 80 የዕውቀት ዘርፎች 40ኛውን ሙፈሲር ሊያውቃቸው ለሚገቡ ሐርፎችና አደዋቶች መደቡ። በዘመናችንም የአዝሀሩ ሊቅ ሙሐመድ ዐብዱልኻሊቅ ዑደይማህ ስለ ቁርኣን አገላለጽ ባዘጋጁት 11 ቅጽ ጥናት የመጀመሪያውን ክፍል ለሐርፎችና አደዋቶች አውለውታል።

እዚህ ላይ ሁለት መንገዶች ይታያሉ። አንደኛው ብዛትን የዋጋ ማነስ ምልክት ያደርጋል። ሁለተኛው ብዛትን የሥራ ጥሪ ያደርጋል፤ የበዛው ነገር ብዙ ክፍል ስላለው ነው፣ ክፍሎቹን ለይ ይላል። ሁለተኛው መንገድ ድካም አለው፤ ትርጉም ግን ይጠብቃል።

5. ቆጠራና ሚንበር

ይህ ጉዳይ አስተማሪውን የሚነካበት ሌላ በር አለ፤ እርሱም የቁርኣን ቃላትን ቆጥሮ ተአምር የማውጣት ልማድ ነው። «ይህ ቃል ይህን ያህል ጊዜ መጣ» የሚል አነጋገር በሚንበሮች ላይ ተደጋግሞ ይሰማል። ቁጥሩ ከማውጫ ወይም ከስልክ የተወሰደ ነው፤ ማውጫው ምን እንደቆጠረና ምን እንደዘለለ ግን አብሮ አይነገርም።

ዝነኛው «የውም» (ቀን) የሚለው ቃል 365 ጊዜ መጣ የሚባለው ነው። ቁጥሩ የሚገኘው ሁለትዮሹ፣ ብዙ ቁጥሩና «የውመኢዚን» የሚለው ቅርጽ ሲተዉ ነው። ተውላጠ ስም የተቀጠለበትስ ይቆጠር ወይስ አይቆጠር? እያንዳንዱ ውሳኔ ድምሩን ይለውጠዋል። የሚፈለገው ቁጥር እስኪመጣ ደንቡን ማስተካከል ማስረጃ አይባልም።

«አር-ረሕማን» የሚለው ስም ይበልጥ ያስተምራል። በተለመደው ቆጠራ 57 ጊዜ ይገኛል፤ ይህም የሱረቱል ፋቲሓህን በስመላ እንደ አንቀጽ ቆጥሮ በሌሎቹ ሱራዎች መግቢያ ያሉትን 112 በስመላዎች ሳይቆጥር ነው። እነርሱ ከተካተቱ ቁጥሩ 169 ይሆናል። በስመላ የየሱራው አንቀጽ ናት ወይስ አይደለችም የሚለው በመዝሀቦች መካከል የታወቀ ኺላፍ ነው፤ ሻፊዒዮች ናት ይላሉ፣ ማሊኪዮች አይደለችም ይላሉ። ስለዚህ ማሽኑ «57» ብሎ ሲመልስ ሳያውቅ በአንድ የፊቅህ ኺላፍ ላይ አቋም ይዟል። ቁጥሩን ከሚንበር የሚያነብ ኢማምም ሳያውቅ ተከትሎታል። የቁርኣን ኢዕጃዝ ደግሞ በእንዲህ ያለ ተለዋዋጭ ድምር ላይ ከቆመ፣ ድምሩ በተቃወሰ ቀን የወጣቱ እምነት አብሮ ይቃወሳል። እውነተኛው ኢዕጃዝ ይህን ድጋፍ አይሻም።

6. የአማርኛው ማውጫ ጉዳይ

በአገራችን የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም፣ የሐዲስና የፊቅህ መጻሕፍት በስልክና በኮምፒውተር እየተነበቡ ነው። ነገ ለእነዚህ የአማርኛ ጽሑፎች መፈለጊያ የሚሠራ ሰው ከዐረብኛው የበለጠ ጥንቃቄ ያሻዋል። የአማርኛ ተደጋጋሚ ቃላት ብዙዎቹ ራሳቸውን ችለው የማይቆሙ ቅጥያዎች ናቸውና፤ «በ»፣ «ለ»፣ «ከ»፣ «የ» እና «ስለ» ከስሙ ጋር ተጣብቀው ይጻፋሉ። የአማርኛ አሉታ ራሱ ቅጥያ ነው፤ «አመኑ» እና «አላመኑም» የሚለያዩት በመነሻና በመድረሻ በተጨመረው ብቻ ነው። ቅጥያን ሁሉ እየገፈፈ ቃልን ወደ ሥሩ የሚመልስ ፕሮግራም አማኙንና አስተባባዩን በአንድ መዝገብ ሥር ያስቀምጣቸዋል።

ከላይ ያየናት «ባእ» ወደ አማርኛ ስትሻገርም ተርጓሚው መምረጡ አይቀርም። «በ» ብሎ ቢያስገባ አንድ አንባብ፣ «ን» ብሎ በተሳቢ ቢያስቀምጥ ሌላ አንባብ ይሰጣል። አማርኛውን ብቻ የሚፈልግ ሰው የሚያገኘው የተርጓሚውን ምርጫ እንጂ ኺላፉን አይደለም። ከዚህም ጋር የሀ፣ ሐና ኀ፣ የአና ዐ፣ የሰና ሠ መለዋወጥ፣ የዐረብኛ ስሞችም በተለያየ አጻጻፍ መስፈር ሲታከልበት «ፈለግሁ፣ አላገኘሁም» የሚለው ቃል ማስረጃ ከመሆን ይርቃል።

መደምደሚያ

ሙዕጀሞችም ሆኑ መፈለጊያዎች የአላህ ጸጋዎች ናቸው፤ ቀደምቶች በወራት ጉዞ የሚያገኙትን በቅጽበት ያቀርቡልናል። የዚህ ጽሑፍ ትችት በሁለት ነገሮች ላይ ያረፈ ነው። አንደኛው መሣሪያዎቹ የጣሉትን አለመናገራቸው ነው፤ ሁለተኛው እኛ የማግኛ መሣሪያን የመረጃ ሚዛን ማድረጋችን ነው።

ስለዚህ አስተማሪውና ኢማሙ የሚከተሉትን ቢጠብቁ መልካም ነው። ቦታ ለማግኘት ብርቁን ቃል ይምረጡ፤ ቦታው ከተገኘ በኋላ ግን አንቀጹን ወይም ሐዲሱን ከነሐርፎቹ ከሙስሐፍና ከኪታብ ያንብቡ። ሐረግ ሲፈልጉ በትእምርተ ጥቅስ ይክበቡት፤ መሣሪያው ትናንሽ ቃላትን ይይዝ እንደሆነም አስቀድመው በሚያውቁት አንቀጽ ይፈትኑት። ፍለጋ ባዶ ሲመለስ «አላገኘሁትም» ይበሉ እንጂ «የለም» አይበሉ፤ ሙሐዲሶች በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት በጥብቅ ይጠብቁ ነበር። የቆጠራ ቁጥር ከሚንበር ከማውጣታቸው በፊት የቆጠራውን ደንብ ይጠይቁ፤ ደንቡን ማስረዳት ካልቻሉ ቁጥሩን ይተዉት። ለደረሶቻቸውም ሑሩፉል መዓኒን እንደ መግቢያ ብቻ ሳይሆን በየፊቅህ ምዕራፉ መልሰው ያስተምሯቸው።

የአማርኛ መፈለጊያ ለመሥራት የሚነሡ ወጣት ባለሙያዎቻችንም የሚታለፉ ቃላት ዝርዝር ከሌላ ዘርፍ ከመቅዳታቸው በፊት ነሕውና ኡሱል ከቀራ ሰው ጋር ይቀመጡ። ያ ሰው የሚነግራቸው ነገር በኣጁሩሚያህ መግቢያ ላይ የተማረውን ነው፤ ዘጠኙ ሐርፎች የሚያዙት በቃል ነው፣ አይጣሉም።

ወላሁ አዕለም።